የእማማ አሰፋች ቧንቧ

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ባልዲ ይዘሽ ወጥ ቤት አትግቢ» አለ አቤሴሎም። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሚስቱ ሩሀማ መኝታ ቤት ሆና የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች፤ በሩ ገርበብ ስላለ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይሰማታል። ሴራሚኩ አዲስ እንደሆነ፣ ጭቃው በየማዕዘኑ እየገባ አልለቅ እንዳለ፣ ለጎመንና ለነጭ ሽንኩርት ብላ በዚህ ዕድሜዋ መልፋት እንደሌለባት፣ ጎመን እንደሆነ ገበያው ሞልቶ እንደተረፈ፣ ቀስ አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ለእናቱ አስረዳት። የተቆጣ ሰው ድምፅ ቢሆን ኖሮ ሩሀማ ብድግ ብላ በወጣች። ይሄ ግን የደግ ሰው ድምፅ ነበር፤ እጇ ሸሚዙ ላይ እንዳለ የቀረው ለዚህ ይሆናል። ወይዘሮ አሰፋች «እሺ ልጄ» ሲሉ ተሰማ፤ ቀጥሎም የጓሮው በር ተዘጋ። አቤሴሎም ወደ መኝታ ቤት መጥቶ ከረባቱን አስተካከለ፣ ቅዳሜ ስለሆነ ለምሳ ወደ ቤት እንደሚመጣ ነገራት፣ ጉንጯን ስሞ ወደሚሠራበት ባንክ ሄደ። ስለ እናቱ ምንም አላነሳም። እሷም አላነሳችም።

ቤቱ አዲስ ነው። ሮቤ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ድሮ የስንዴ ማሳ የነበረ ሰፈር ላይ፣ በሁለት ሰው ደመወዝ ቀስ በቀስ የቆመ፤ ክረምቱ እንደወጣ ነው የገቡበት። የሳሎኑ መጋረጃ እስካሁን የእጥፋቱ መስመር አልጠፋም፤ የሶፋው ላስቲክም አልተነሣም። የወጥ ቤቱን ሴራሚክ አቤሴሎም ራሱ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ መርጦ፣ ዋጋው ሲጨምር ሌላ ወጪ ቀንሶ ነው ያስነጠፈው፤ እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑን ሳይሆን መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ያሳያል። ግቢው ውስጥ የነበረው አሮጌ ቧንቧ ቤቱ ሲሠራ ተነቅሏል። ውሃው ወደ ውስጥ ገባ፣ ውጭውን ያሰበው ሰው አልነበረም። ማሰብም አላስፈለገም ነበር፣ ወይዘሮ አሰፋች ጎባ ይኖሩበት የነበረውን ቤት ለቀው ልጃቸው ጋ እስኪመጡ ድረስ። ሴትዮዋ በመጡ ሳምንት ግንበኞቹ ጠጠርና የሲሚንቶ ፍርፋሪ ጥለውበት የሄዱትን ጓሮ ጎንበስ ብለው መልቀም ጀመሩ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስለሚላቸው በርጩማ ይዘው እየዞሩ፣ ተቀምጠው እየለቀሙ፣ ድንጋዩን ከአጥሩ ሥር እየደረደሩ ሰነበቱ። ሩሀማ አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር አንድ ነገር አዲስ ሆኖ ታገኝ ነበር። አንድ ቀን የተዘረጋ መደብ፣ ሌላ ቀን የጎመን ችግኝ፣ ሌላ ቀን ከነጭ ሽንኩርቱ ጎን ቀይ ሥርና ካሮት። አሁን ጥር ነው። ቀን ቀን ፀሐዩና ነፋሱ መሬቱን ያደርቀዋል፣ ሌሊት ከተራራው የሚወርደው ውርጭ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። የሰፈሩ ጓሮ ሁሉ ገርጥቶ የእሳቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው በዚያ ባልዲ ነበር።

ሩሀማ ልብሱን ትታ በመስኮቱ ስታይ፣ ወይዘሮ አሰፋች ቀድመው የቀዱትን ውሃ በጣሳ እየጨለፉ ለእያንዳንዱ ችግኝ ሥሩ ላይ ያፈሳሉ። ፊታቸው ላይ ቅያሜ ትፈልግ ነበር፤ አላገኘችም። መጨረሻ ላይ የደረሰችው አንዲት ጎመን ውሃው ስላነሳት፣ ጣሳውን አዘቅዝቀው ጠብታው እስኪያልቅ ድረስ ታግሰው ያዙላት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው በግቢው በር ወጡ። ሩሀማ ወጥ ቤት ገብታ ወለሉን ተመለከተች። ከበሩ እስከ ዕቃ ማጠቢያው የደረቀ የጭቃ ዱካ አለ፤ ያን ያህል አይደለም፣ በአንድ ጨርቅ የሚጠረግ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን እሷም ይህንኑ ዱካ ስትወለውል፣ ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው ሳለ፣ ከሆዷ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሳ ነበር። ባሏ ዛሬ በቃል የተናገረውን እሷ ያኔ በትንፋሽ ተናግራዋለች።

ረፋዱ ላይ አምፖል ልትገዛ ወደ ከሚላ ሱቅ ሄደች። ከሚላ አባቷ ከስልጤ መጥተው ሮቤ ላይ የከፈቱትን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የወረሰች ሴት ናት፤ የሱቋ ጀርባና የእነሩሀማ ጓሮ በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። አምፖሉን ሶኬት ላይ ሞክራ ልታሳያት ስትል መብራት እንደሌለ ትዝ አላትና ሳቀች። ከዚያ እማማ ጎሮ ከተማ ሊሄዱ መሆኑን አሁን ራሳቸው መጥተው እንደነገሯት፣ የወንድማቸው ልጅ ሠርከአዲስ እዚያ ልትወልድ ስለደረሰች ከምሳ በኋላ ባለው መኪና እንደሚሳፈሩ አወራቻት። ሩሀማ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጠየቀች፣ እንደምታውቅ ሰው ለመምሰል እየሞከረች።

«እዚያው እቆያለሁ ነው ያሉኝ» አለች ከሚላ። «ልብስ ስታጥቢ የመጨረሻውን እጣቢ፣ ሳሙና የሌለበትን፣ በአጥሩ ላይ ለጎመኖቼ ድፊልኝ ብለው ለመኑኝ። እነሱ ሥራ ስለሚበዛባቸው እንዳላስቸግራቸው ብዬ ነው አሉ። ወላሂ እንደሳቸው ልጁንና ምራቱን የሚያመሰግን ሰው አላየሁም፤ ቁጭ ብለው ሲያወሩ የቆዩት የናንተን ደግነት ነው።»

ሴትዮዋ ልጃቸው ቤት የተነገራቸውን ቃል እንኳን ለጎረቤት ለአጥሩም አላሰሙም፤ ይልቁንም መሄዳቸው የማንም ጥፋት እንዳይመስል አንዲት እርጉዝ ሴት ፈልገው አገኙ። ሩሀማ ይህን እያሰበች ዓይኗ የሱቁ ግድግዳ ላይ በሽቦ የተንጠለጠሉት ሩቢኔቶች ላይ አረፈ። ግድግዳ ላይ የሚገጠም የውጭ ሩቢኔት ስጪኝ አለቻት። ከሚላ መጀመሪያ የፕላስቲኩን አወረደች፣ መልሳ ሰቀለችው። ዋጋው ይቀላል እንጂ በዚህ ብርድ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጡ ከረጋ ይሰነጠቃል አለችና የናሱን አመጣች። በእጅ ሲያዝ ከበድ ይላል፤ መዘውሩ ሲጠመዘዝ ልስልስ ያለ ነው። ሩሀማ አምፖሉን ባንኮኒው ላይ ትታ እሱን ገዛች።

ከሱቁ ደጃፍ የመሣሪያ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ፀሐይ የሚሞቀውን የቧንቧ ሠራተኛ ከሚላ ጠራችላት። ሳላሕዲን ይባላል፤ ረጋ ያለ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ግቢው ደርሶ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከውስጥ፣ የጓሮውን ግድግዳ ከውጭ እየተመላለሰ አየ፣ በጣቱ እያንኳኳ አዳመጠ። ዕቃ ማጠቢያው በትክክል ከዚህኛው ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ ረጅም መስመር መዘርጋት አያስፈልግም፤ ግድግዳውን አልፎ መውጣት ብቻ ነው አላት። መብራት ስለሌለ መሰርሰሪያው አይሠራም፣ በመሮና በመዶሻ መሆኑ ነው፤ ልስኑ ትንሽ ይረግፋል፣ ቀለሙም ይነካል። ቢጫው ቀለም ገና ምንም አልነካውም፤ ሩሀማ አንድ ጊዜ ተመለከተችውና ጀምር አለችው። ሳላሕዲን ግን መሮውን እንደያዘ ቆየ።

«ባለቤቱ ያውቃሉ?» አለ።

«ባለቤት እኔም ነኝ» አለችው።

ፈገግ ብሎ «ቢስሚላህ» አለና መታ። ሩሀማ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘግታ ወጥ ቤት ገባች። ሳላሕዲን የውስጡን ቧንቧ ሲቆርጥ ውስጡ የቀረው ውሃ በሴራሚኩ ላይ ተዘርግቶ ከሲሚንቶ አቧራው ጋር ተለወሰ፤ እሷም ከነጫማዋ ተራምዳበት ጨርቅ ልታመጣ ወጣች። ስትመለስ የመዶሻው ድምፅ ቆሞ ነበር። በጓሮው በር በኩል ወይዘሮ አሰፋች ቆመዋል። የጉዞ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ነጭ ነጠላ ደርበዋል፣ ከኋላቸው በተከፈተው የክፍላቸው በር በኩል አልጋው ላይ የታሰረ ሻንጣ ይታያል። ግድግዳው ላይ የተከፈተውን ቀዳዳ ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ሳላሕዲንን በኦሮምኛ «ዺሲ ኢልመ ኮ» አሉት፤ ተወው ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ሩሀማ ዞረው፣ በእሳቸው ምክንያት የልጃቸው ቤት እንደማይበሳ፣ አቤሴሎም ለዚህ ግድግዳ ምን ያህል እንደደከመ የሚያውቁት እሳቸው እንደሆኑ፣ እሳቸው ደግሞ መንገደኛ እንደሆኑ በለሆሳስ ነገሯት። ስለ ጠዋቱ አንድም ቃል አልወጣቸውም።

ሩሀማ ከሱቁ ስትመለስ ብዙ ነገር ልትላቸው አስባ ነበር። ይቅርታ ልትጠይቅ፣ አይሂዱ ብላ ልትለምን፣ ምናልባትም ልታለቅስ። ሴትዮዋ ፊት ስትቆም ግን ይህ ሁሉ እሳቸውን እሷን ወደ ማባበል እንደሚያስገባቸው ታያት፤ ለቅሶዋን አይተው መልሰው የሚያጽናኑት እሳቸው ይሆናሉ።

«እማማ» አለች፣ «ቀዳዳው እንደሆነ ወጥቷል። አሁን የቀረን ቁመቱ ነው። ሩቢኔቱ የት ላይ ይሁንልዎት?»

ነፋሱ የወይዘሮ አሰፋችን ነጠላ እያነሳ ይጥለዋል። ግድግዳውን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ሳላሕዲን ሲለካ በእርሳስ ምልክት ያደረገበትን ቦታ አዩና «እዚያ ላይ አይሆንም» አሉ። ዘወር ብለው በርጩማቸውን አምጥተው ከግድግዳው አጠገብ ተቀመጡና ክንዳቸውን ዘረጉ። እጃቸው ሳይንጠራራ፣ ትከሻቸው ሳይነሣ ደርሶ ግድግዳውን ነካ። ከዚያ ባልዲውን አስቀርበው ከእጃቸው ሥር አስቀመጡት፤ ማንጠልጠያው ሲነሣ እንዳይጋጭ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ። «እዚህ» አሉ። ሳላሕዲን ተንበርክኮ እጃቸው ያረፈበት ላይ ምልክት አደረገና፣ ብዙ ቤት እንደገጠመ፣ ተቀምጦ ለሚቀዳ ሰው ግን ገጥሞ እንደማያውቅ ተናገረ። ሴትዮዋ ምልክቱን እንደገና በጣታቸው ዳሰሱ። ሩሀማ ስታያቸው፣ የሆነ ነገር ፊታቸው ላይ ሲመለስ ያየች መሰላት፤ ደስታ ለማለት ይቸግራል፤ ሥራ ያገኘ ሰው ፊት ነው።

ነጠላውን አውልቀው ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀሉት። ውሃ ሲንጠባጠብ ግድግዳው ሥር ረግቶ መሠረቱን እንዳይበላው ብለው፣ ከአጥሩ ሥር ከደረደሩት ድንጋይ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን እየመረጡ ለሩሀማ አሳዩአት፤ እሷ ትሸከማለች፣ እሳቸው በርጩማቸው ላይ ሆነው ያነጥፋሉ። አንዱን ድንጋይ ካስቀመጡ በኋላ በመዳፋቸው ይጫኑታል፤ ከተወዛወዘ አንሥተው ከሥሩ አፈር ይጨምራሉ። ከንጣፉ ጫፍ ደግሞ በዶማ ስለት ጠባብ ቦይ ቀደዱ። የሚተርፈው ውሃ ዞር ብሎ ነጭ ሽንኩርቱ መሃል እንዲገባ ነው። ማንም አላስተማራቸውም ማለት አይቻልም፣ ዕድሜ ልካቸውን ከአፈርና ከውሃ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሩሀማን የገረማት ግን ዕውቀታቸው አልነበረም። ከአንድ ሰዓት በፊት ሻንጣ አስረው የነበሩ ሴት፣ ነገ ላይኖሩበት ለሚችሉ ቤት መሠረት ሲጠነቀቁ ማየቷ ነው። ለሚሄዱም ለሚቆዩም ሰው እጃቸው ያው ነው። ሩሀማ ሁለት ወር አብራቸው ስትኖር የጓሮውን ልምላሜ እንጂ ሴትዮዋን በደንብ እንዳላየች ተሰማት።

ሳላሕዲን ቧንቧውን አውጥቶ በግድግዳው ቁልቁል አወረደው፣ ጫፉ ላይ ነጩን ቴፕ ጠምጥሞ ሩቢኔቱን አሰረ። መዝጊያው ሲከፈት መጀመሪያ መገጣጠሚያው ላይ ፊስ ብሎ ረጨ። ዘግቶ፣ ፈትቶ፣ ቴፑን ደረብረብ አድርጎ መልሶ አሰረው፤ ሁለተኛ ሲከፈት መገጣጠሚያው ደርቆ ቀረ። ሩቢኔቱን ክፈቱት ሲል ወይዘሮ አሰፋች ሩሀማን አዩ፣ ሩሀማ እሳቸውን አየች፤ በመጨረሻ እሳቸው ጠመዘዙት። ውሃው መጀመሪያ አየር እየተፋ አስነጠሰ፣ ዝገት ለብሶ ወጣ፣ ወዲያው ጠራና በወፍራሙ ባልዲው ውስጥ ወረደ። ሳላሕዲን በኦሮምኛ እናቴ ሲል «አዮ፣ ይመችዎት» አላቸው። እሳቸውም «ገለቶሚ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው አመስግነው መረቁት።

ድምፁን የሰማችው ከሚላ ሱቋን ለሰው አስጠብቃ በጓሮው መግቢያ ብቅ አለች። ድንጋዩን አየች፣ ቦዩን አየች፣ የናሱን ሩቢኔት ነካ አድርጋ የሸጠችው ዕቃ እንዲህ ያምራል ብላ እንዳላሰበች ተናገረች። ይህን ጊዜ አቤሴሎም የግቢውን በር ከፍቶ ገብቶ ነበር። ሩሀማ ብቻ አየችው። ኮቱ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የቤቱ ማዕዘን ጋ ደርሶ ቆሟል፤ ዓይኑ የረገፈው ልስን ላይ ነው። እናቱ ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

«ለመሆኑ ይሄን ማን አሰበው?» አለች ከሚላ።

ሩሀማ አፏን ከፈተች። እጇ የሲሚንቶ አቧራ ለብሷል፣ ወገቧ ድንጋይ በመሸከም ታሟል፤ ስሟ እንዲጠራ መፈለጓን አልካደችም። ወይዘሮ አሰፋች ግን ቀደሟት።

«ልጄ ነዋ» አሉ። «ውሃ ስሸከም አይቶ አላስቻለውም።»

ቃሉ ሩሀማን ወጋ አደረጋት። ወዲያው ግን የሴትዮዋን ፊት አየች። ልጃቸውን ለማወደስ የሚዋሹ እናት ፊት አልነበረም። መንገደኛ ወደ ውስጥ እንዳያይ የግቢያቸውን በር ቀስ አድርገው የሚዘጉ ሰው ይመስሉ ነበር። የቤቱን ገመና ነው የሸፈኑት፤ የልጃቸውን ብቻ ሳይሆን የሩሀማን ትንፋሽም ጭምር። ቀና ስትል አቤሴሎም ከማዕዘኑ ወጥቶ ቆሟል። ጆሮው ቀልቷል። ጠዋት ሁሉን ያስረዳ የነበረው አንደበቱ አሁን ቃል እየፈለገ ነው።

«እኔ አይደለሁም፣ እማዬ» አለ። «ሩሀማ ናት። እኔ ጠዋት ምን እንዳልኩሽ ታውቂያለሽ።»

ከሚላ ሱቋ ትዝ አላትና ሄደች። ሳላሕዲን መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ። ወይዘሮ አሰፋች በበርጩማቸው ላይ እንዳሉ ዞረው ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«አውቃለሁ» አሉት። ቆይተውም «ምሳ አልበላህም» አሉ።

አቤሴሎም ወደ ቤት ገባ። ሩሀማ በሩን ዘግቶ ይተኛል ብላ ፈራች። ሲወጣ ግን ቤቱ ሲሠራ ይለብሰው የነበረውን ቀለም የነካው ሱሪ ለብሶ፣ ከመጋዘኑ የተረፈ ሲሚንቶ በሳፋ ይዞ ነበር። ሳላሕዲን ቀዳዳውን ሊደፍን ሲል፣ ይሄን እኔ ልሥራው አለው። ተንበርክኮ ሲሚንቶውን ከአሸዋ ጋር አቦካ፣ በቧንቧው ዙሪያ ለጠፈ። ጥሩ ሠራተኛ አልነበረም፤ የለጠፈው እየተንሸራተተ ይወርዳል። እናቱ አጠገቡ ሆነው ውሃ አበዛህ ይሉታል፣ አሸዋ ይጨምራል፤ ደግሞ ደረቀ ይሉታል፣ ራሱ እጁን ዘርግቶ ከሩቢኔቱ በእፍኙ ይቀዳል። የጎሮው መኪና የሚወጣበት ሰዓት በዚህ መሃል አለፈ፤ ማለፉን ሁሉም አውቀዋል፣ ያነሣው ግን የለም።

ምሳውን ዘግይተው በሉ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው የበሉት፣ ጭቃው ወለሉ ላይ እንዳለ፣ ማንም ሳይወለውለው። ሩሀማ ድንች ወጥ አውጥታ ነበር፤ ወይዘሮ አሰፋች ወደ ጓሮ ወጥተው ጎመን ቀንጥሰው መጡና ቀቅለው ጨመሩበት። አቤሴሎም አንገቱን ደፍቶ ይበላል። አንድ ሁለት ጊዜ ሊናገር ቀና ብሎ መልሶ ጎረሰ። እናቱ ለልጃቸውም ለምራታቸውም ካጎረሱ በኋላ እጃቸውን አብሰው፣ ሠርከአዲስ ለመውለድ መድረሷ እውነት መሆኑን፣ ሰኞ ጎሮ ሄደው ጠይቀዋት፣ ሳምንት ቆይተው እንደሚመለሱ ተናገሩ። እስኪመለሱ ግን ጓሮውን የሚያጠጣ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሲሉ ያዩት ወደ ሩሀማ ነበር።

«እኔ አጠጣዋለሁ» አለ አቤሴሎም።

ወይዘሮ አሰፋች ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ሲሚንቶ የደረቀበትን ጥፍሩንም ጭምር።

«የቀይ ሥርና የአረም ቅጠል ትለያለህ?»

«አልለይም።»

«እንግዲያው ነገ ከቅዳሴ ስመለስ ጓሮ ጠብቀኝ» አሉት። «ተኝተህ እንዳላገኝህ።»

ወደዚህ ቤት ከገቡ ወዲህ ማንንም ሲያዙ ሩሀማ ሰምታቸው አታውቅም ነበር።